ዮጋና ተመስጦ ለጀማሪዎች፦ መድኃኒት አይተካም፣ ሃይማኖትም አያስለውጥም

አዳማ ውስጥ "ዮጋ እሠራለሁ" ብሎ የሚናገር ሰው ከሦስት ዓይነት ምላሽ አንዱ ያጋጥመዋል። የመጀመሪያው ፈገግታ ነው፤ "እሱ የሀብታም ነገር አይደለም እንዴ? ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ ሪዞርት ተይዞ?" የሚል። ሁለተኛው ግንባር መቋጠር ነው፤ "እሱ እኮ የህንዶች አምልኮ ነው፤ ከእምነትህ ያወጣሃል" የሚል። ሦስተኛው ከልክ ያለፈ ተስፋ ነው፤ "ግፊትና ስኳር ያድናል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መድኃኒቴን ላቁም እንዴ?" የሚል። እኔን የሚያስፈራኝ ሦስተኛው ነው። ፈገግታም ቁጣም ሰው አይገድሉም፤ የግፊት መድኃኒትን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ሊገድል ይችላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የዮጋ መምህርም አይደለሁም። የተማርኩት ሕግ ነው። ሕግ ደግሞ ሌላው ቢቀር አንድ ነገር ያስተምራል፦ የቀረበ ማስረጃ ምን እንደሚያስረዳና ምን እንደማያስረዳ ለይቶ ማየት። ስለ ዮጋና ስለ ተመስጦ የሚነገረውንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጀማሪ ሰው ምን እንደሚያገኝ፣ ምን እንደማያገኝ፣ እንዴት እንደሚጀምርና የት ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

ዮጋ ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

"ዮጋ" የሚለው ቃል የመጣው ከጥንታዊው የህንድ ቋንቋ ከሳንስክሪት ነው። የቃሉ ሥር "መጥመድ፣ ማጣመር" ማለት ነው። ገበሬያችን ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር እንደሚጠምድ ሁሉ ዮጋም ሰውነትን፣ ትንፋሽንና ሐሳብን አንድ ላይ ለመጥመድ የሚደረግ ልምምድ ነው ቢባል ከትርጉሙ ብዙ አይርቅም።

በፓታንጃሊ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ ዮጋን በስምንት ክፍሎች ይዘረዝረዋል። ከስምንቱ የሰውነት አቀማመጥን የሚመለከተው አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት ስለ ሥነ ምግባር፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ ትኩረትና ስለ ጥልቅ ተመስጦ የሚናገሩ ናቸው። መነሻው የህንድ ፍልስፍናና ሃይማኖት መሆኑን መካድ አያስፈልግም፤ አይቻልምም።

ዛሬ በየከተማው ምንጣፍ ተነጥፎ የሚሠራው ዮጋ ግን በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ውጤት ነው። ክሪሽናማቻርያ የተባሉ መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በደቡብ ህንድ ማይሶር ከተማ ያስተምሩ ነበር። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ የነበሩት አየንጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት መጽሐፍ የሰውነት አቀማመጦቹን በፎቶግራፍ እያሳየ ለመላው ዓለም አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ዮጋ በብዙ አገር የሰውነት ማጎልመሻ ዓይነት ሆኗል።

ሜዲቴሽን ወይም ተመስጦ ደግሞ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በትንፋሽ ላይ፣ አሳርፎ ሲበታተን ቀስ ብሎ የመመለስ ልምምድ ነው። ወደ ሆስፒታል በማስገባት ረገድ ስማቸው የሚነሳው ጆን ካባት ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ሰዎች ሥልጠና ጀመሩ። ሥልጠናው ተመስጦንና ቀላል ዮጋን ያካተተ ሆኖ ሃይማኖታዊ ይዘት እንዳይኖረው ተደርጎ የተዘጋጀ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2014 ባሳለፈው ውሳኔ ጁን 21 ቀን፣ በእኛ ሰኔ 14፣ ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሆኗል። አዲስ አበባ የሚገኘው የህንድ ኤምባሲም ዕለቱን በአደባባይ ሲያከብር ቆይቷል።

በነገራችን ላይ ዩኔስኮ ዮጋን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው። ጊዜው ኅዳር 2009 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ስብሰባ የኦሮሞ ገዳ ሥርዓትም ተመዝግቧል። ስለዚህ "ዮጋ ምን አገናኘው ከኦሮሚያ?" ለሚል ሰው ቢያንስ በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ከተማ ተገናኝተዋል ብሎ መመለስ ይቻላል።

ማስረጃው ምን ይላል?

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም? መልሱ "ይጠቅማል፣ ነገር ግን በልኩ" የሚል ነው። አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛ፣ ወገብ። የባንክ ሠራተኛው፣ ዳኛው፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭኖ የሚነሳው ሾፌር ሁሉም የጋራ በሽታ አላቸው፤ መቀመጥ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ከዚያ ውስጥ ስንቱን ሰዓት ከወንበር ሳይነሱ መቆየት እንደሚቻል ግን አልተናገረም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ቢሞከሩ ይሻላል ካላቸው ነገሮች መካከል ዮጋና የተመስጦ ሥልጠና ይገኙበታል።

ይህ ማለት ተአምር ይሠራል ማለት አይደለም። የሕክምና ጥናቶችን በመመዘን የሚታወቀው ኮክሬን የተባለ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምገማ 21 ሙከራዎችን መርምሯል። ዮጋ የሠሩት ምንም እንቅስቃሴ ካላደረጉት መጠነኛ መሻሻል አሳይተዋል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። ዮጋን ለወገብ ተብለው ከሚሠሩ ሌሎች እንቅስቃሴዎች ጋር ሲያነጻጽሩት ደግሞ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዮጋ ደስ ካላለዎት በሐኪም ወይም በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምክር ሌላ የወገብ እንቅስቃሴ ቢሠሩ የቀረብዎት ነገር የለም። ዋናው ከወንበሩ መነሳት ነው።

ሁለተኛ፣ ጭንቀት። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ግምገማ 3,515 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 ሙከራዎች መዝኖ የተመስጦ ሥልጠና ጭንቀትን፣ ድባቴንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ ከመድኃኒት፣ ከስፖርት ወይም ከሌላ ሕክምና ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹ የታወቀ የጭንቀት መድኃኒት እንዲወስዱ፣ ግማሾቹ የስምንት ሳምንት የተመስጦ ሥልጠና እንዲከታተሉ አደረገ። ውጤቱ ተቀራራቢ ሆነ። ዜናው "ተመስጦ ከመድኃኒት እኩል ነው" ተብሎ ሲራባ አንድ ነገር ተረሳ፤ ሥልጠናው በየሳምንቱ ከሁለት ሰዓት በላይ በመምህር ፊት፣ በየቀኑም ቤት ውስጥ 45 ደቂቃ ያህል የሚጠይቅ ነበር። በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ አምስት ደቂቃ አድምጦ መድኃኒት መጣል ከዚህ ጥናት ጋር አይገናኝም።

ሦስተኛ፣ ትንፋሽ። ጤናማ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ወደ ውስጥ ስንስብ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናወጣ ቀስ ይላል። ይህን ሥራ በአመዛኙ የሚመራው ከአንጎል ወርዶ ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚሄደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው። አወጣጣችንን ስናረዝም፣ ትንፋሻችንን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ስናወርድ፣ ሰውነት "አደጋ የለም፣ ዕረፍ" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። "ተንፍስ እስቲ!" እያሉ የተቆጣን ሰው የሚያረጋጉ ወላጆቻችን ይህን ነርቭ በስሙ ባያውቁትም በሥራው ያውቁት ነበር።

አራተኛ፣ የማያደርገው ነገር። ዮጋ ስኳር አያድንም፤ ካንሰር አያድንም፤ ግፊትን በመጠኑ ሊያግዝ ይችላል እንጂ መድኃኒትን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አኃዝ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት አለባቸው፤ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። ስለዚህ ከሃምሳ ዓመት ወዲያ ለሆንን ሰዎች የመጀመሪያው "የዮጋ ትምህርት" ክንድን ዘርግቶ ግፊት መለካት ነው። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ የሚብስ አይመስለኝም።

የሃይማኖት ጥያቄ

ይህን ጥያቄ አቅልሎ ማለፍ አይገባም። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የሚኖር ሰው ኦርቶዶክስ ይሁን ፕሮቴስታንት፣ ሙስሊም ይሁን ዋቄፈታ፣ እምነቱን እንደ ትርፍ ነገር አያየውም። "ይህ ነገር ከእምነቴ ጋር ይጋጫል ወይ?" ብሎ መጠየቁ ኋላቀርነት አይደለም፤ ጠንቃቃነት ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻም አይደለም። አላባማ የተባለው የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1993 ዮጋ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሆን፣ ያኔም ቢሆን የአቀማመጦቹ ስም በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲጠራና ምንም ዓይነት ዜማ ወይም ሰላምታ በሳንስክሪት እንዳይነገር ተብሎ ነው።

በማሌዥያ ብሔራዊው የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ሙስሊሞች ዮጋ እንዳይሠሩ አሳሰበ። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ግን ዜማው ከሌለበት እንቅስቃሴውን መቀጠል ይቻላል አሉ። በኢንዶኔዥያም እ.ኤ.አ. በ2009 የዑለማዎች ምክር ቤት ተመሳሳይ መስመር አሰመረ፤ የሂንዱ ሥርዓትና ዜማ ያለበት ክልክል ነው፣ ለሰውነት ማጎልመሻ ብቻ የሚሠራው አይከለከልም አለ።

ለሕግ ባለሙያ ይበልጥ የሚጥመው ግን የካሊፎርኒያው ክርክር ነው። ኢንሲኒተስ በምትባል ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት ዮጋ ማስተማር ጀመሩ። ወላጆች "መንግሥት ሃይማኖት እያስተማረብን ነው" ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ይግባኝ ሰሚውም እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ ቃል ፈረዱ፤ ዮጋ በታሪኩ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ቢሆንም በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ግን ሃይማኖታዊ አይደለም። ትምህርት ቤቶቹ የሳንስክሪቱን ስሞች አውጥተው፣ የሎተስ አቀማመጥ የሚባለውን እንኳ ልጆች በሚያውቁት ተራ ስም ተክተው ነበር። ዳኞቹ የመዘኑት የነገሩን መነሻ ሳይሆን አሁን የሚሠራበትን መንገድ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ሕግ እንግዳ አይደለም። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 23 ላይ አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ሲሟሉ እንደሆነ ይናገራል። በሌላ አነጋገር ድርጊቱ ብቻውን አይበቃም፤ የአድራጊው ሐሳብ ይታያል። አምልኮም ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ተንበርክኮ ግንባርን መሬት ማስነካት በቤተ ክርስቲያን ስግደት ነው፤ በመስጊድ ሱጁድ ነው፤ የወደቀ ቁልፍ አልጋ ሥር ሲፈለግ ግን ቁልፍ ፍለጋ ነው። የጡንቻው ሥራ አንድ ነው፤ የሚለየው ልብ ውስጥ ያለው ነው።

ከዚህ ተነስቼ ሦስት ነገር እላለሁ። የመጀመሪያው፣ የማይገባዎትን ቃል አይድገሙ። "ኦም" ማለት ግዴታ አይደለም፤ ያለ እሱ ወገብም ይፍታታል፣ ትንፋሽም ይረጋል። ሁለተኛው፣ ጸሎትና ተመስጦ አንድ አይደሉም። ጸሎት ከአምላክ ጋር የሚደረግ ንግግር ነው፤ ተመስጦ በዚህ ጽሑፍ በተባለበት መልኩ ትኩረትን ማሠልጠን ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ አይከለክልምም። ሦስተኛው፣ ኅሊናዎ ካልፈቀደ ይተዉት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ሲያስከብር ማንም ሰው እምነቱን በሚነካ ነገር እንዳይገደድ ጭምር ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ዮጋ ቢያዘጋጅ በፈቃደኝነት መሆን አለበት። አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ ይህ ለዮጋ አስተማሪም ይሠራል።

ጸጥታ ራሱ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በአዳማና በቢሾፍቱ መካከል ስንጓዝ ከሩቅ የምናየው ዝቋላ ተራራ አናቱ ላይ ገዳም አለው። የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶችም የገዳማት መኖሪያ ናቸው። ሱባኤ የሚገባው ምእመን፣ ለሊቱን በዚክር የሚያሳልፈው ሙስሊም፣ ሌሊቱን ሙሉ መቋሚያ ተደግፎ ማኅሌት የሚቆመው ደብተራ፣ ሰውነትና ትንፋሽ ሐሳብን እንደሚገሩ ከማንም በፊት ያውቃሉ። እነሱ የሚያደርጉት ለአምላካቸው ነው፤ ከዮጋ ጋር ማደባለቅም አይገባም። ነገር ግን ቆሞ መቆየትንና ዝም ማለትን ከህንድ ተዋስን የሚያሰኘን ነገር የለም።

ባለቤት የለውም፤ ክፍያም አይጠይቅም

"የሀብታም ነገር ነው" ለሚለው ደግሞ ፍርድ ቤት መልስ ሰጥቶበታል። ቢክራም ቾውድሪ የተባለ የዮጋ ነጋዴ 26 አቀማመጦችንና ሁለት የትንፋሽ ልምምዶችን በቅደም ተከተል አሰናድቶ፣ ወደ 40 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ በማሠራት ታዋቂ ሆነ። ሌሎች ሲያስተምሩት "የቅጂ መብቴ ነው" ብሎ ከሰሰ። የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ክሱን ውድቅ አደረገ፤ የቅጂ መብት የሚጠብቀው የሐሳብን አገላለጽ እንጂ ለጤና የሚሠራ የእንቅስቃሴ ዘዴን አይደለም በማለት። ስለዚህ ዮጋ የሁሉም ነው። ክፍል ማሞቅን በተመለከተ ደግሞ መተሐራና አዋሽ ለሚኖሩ አንባቢዎቼ የምለው የለኝም፤ እነሱ ያለ ክፍያ ያገኙታል።

የሚያስፈልገው አንድ ሰሌን ወይም የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ የታጠፈ ጋቢና 20 ደቂቃ ነው። ሪዞርት አያስፈልግም፤ ውድ ልብስም አያስፈልግም። ጥሩ መምህር ካገኙ ግን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጊዜ ቢያይዎት ጠቃሚ ነው፤ የራስን ጀርባ ማየት አይቻልምና።

ለመጀመሪያው ወር፦ በቀን 20 ደቂቃ

ሆድ ባዶ ሲሆን ይመረጣል፤ ከምግብ በኋላ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይቆዩ። ለሚጾም ሰው የጠዋቱ ሰዓት የተመቸ ነው። እኔ አዳማ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢን እመርጣለሁ፤ ፀሐዩም አልበረታም፣ የከተማችን ንፋስና አቧራም ገና አልተነሳም።

1. መቆም (2 ደቂቃ)። እግርዎን በትከሻዎ ልክ ከፍተው ይቁሙ። ክብደትዎ በሁለቱም እግር ላይ እኩል ይረፍ። ትከሻዎን ወደ ታች ይልቀቁ። ምንም አያድርጉ፤ ትንፋሽዎን ብቻ ያስተውሉ። ቀላል ይመስላል፤ ሞክረው ይዩት።

2. እጅን ወደ ላይ መዘርጋት (2 ደቂቃ)። ወደ ውስጥ እየሳቡ ሁለት እጅዎን ከጎን ወደ ላይ ያንሱ፣ እያወጡ ያውርዱ። እንቅስቃሴው ትንፋሹን ይከተል እንጂ አይቅደመው።

3. ጀርባን ማጉበጥና ማቅናት (3 ደቂቃ)። በእጅና በጉልበትዎ ይቁሙ። እያወጡ ጀርባዎን እንደተቆጣ ድመት ወደ ላይ ያጉብጡ፤ እየሳቡ ቀስ ብለው ወደ ታች ያለስልሱ። ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

4. ተንበርክኮ ማረፍ (2 ደቂቃ)። ከዚያው ሳይነሱ መቀመጫዎን ወደ ተረከዝዎ መልሰው ግንባርዎን በታጠፈ ጋቢ ላይ ያሳርፉ። ጉልበት የሚያመው ሰው ይህን ዘልሎ በጀርባው ይተኛ።

5. በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ማቀፍ (3 ደቂቃ)። አንድ ጉልበት፣ ቀጥሎ ሌላውን ወደ ደረት ይሳቡ። ካመመ ይልቀቁ። "ሕመም ከሌለ ጥቅም የለም" የሚለው አባባል እዚህ አይሠራም።

6. ተቀምጦ ተመስጦ (8 ደቂቃ)። እግር አጣጥፎ መቀመጥ ከቻሉ ይቀመጡ፤ ካልቻሉ ወንበር ላይ ጀርባዎን ቀጥ አድርገው ይቀመጡ። ትንፋሽዎን ከአንድ እስከ አሥር ይቁጠሩና እንደገና ከአንድ ይጀምሩ። ሐሳብዎ ወደ ኪራይ፣ ወደ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ወደ ትናንቱ ክርክር ይሄዳል። ሲሄድ አይናደዱ፤ ወደ ቁጥሩ ይመልሱት። ሠላሳ ጊዜ ቢሄድና ሠላሳ ጊዜ ቢመልሱት አልተበላሸም፤ ልምምዱ መመለሱ ነው።

በዚህ ሁኔታ በሳምንት አምስት ቀን ቢሠሩ ከወር በኋላ የእንቅልፍዎን፣ የወገብዎንና የቁጣዎን ሁኔታ ራስዎ መመዘን ይችላሉ። ምንም ለውጥ ካላዩ ወደ ሌላ እንቅስቃሴ ይዙሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ቀስ ያለ ዮጋ ብቻውን ይህን ስለማያሟላ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ አይቅር።

ጥንቃቄ፦ በተለይ ለስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች

አጠቃላይ ጥንቃቄዎቹ የታወቁ ናቸው። ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው በጭንቅላት መቆምንና ራስን ወደ ታች ዘቅዝቆ መቆየትን ይተው። ነፍሰ ጡር ሐኪሟን ትጠይቅ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ወይም ያልሻረ አሰቃቂ ትዝታ ያለበት ሰው ረጅም ጸጥታ ሊያብስበት ስለሚችል ያለ ባለሙያ ባይጀምር ይመረጣል። ይህች አገር ካሳለፈችው አንጻር የመጨረሻው ነጥብ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

ለእኛ አካባቢ ግን ከውጭ በተጻፉ የዮጋ መጻሕፍት ውስጥ የማይገኝ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚወጣ ፍሎራይድ በብዛት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ውስጥ የሚገኘው ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የጥርስ መበለዝ ሁላችንም የምናውቀው ምልክቱ ነው። ይህን ውኃ ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንትና ጅማት ደግሞ ሊደነድን ይችላል። አንገቱና ወገቡ እንደ እንጨት ይገተራል፤ አልፎ አልፎም አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ ይጨመቃል። በወንጂ ሸዋ የስኳር ልማት አካባቢ ለረጅም ዘመን በሠሩ ሰዎች ላይ ይህ በሽታ በሕክምና ጥናት ተመዝግቧል።

ስለዚህ በሸለቆው ያደጉና ወገብዎ ወይም አንገትዎ አልታጠፍ የሚል ከሆነ "ዮጋ ያፍታታኛል" ብለው በኃይል አይሳቡት። እግር መደንዘዝ፣ መዛል፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ካለ ወዲያውኑ ሐኪም ያስፈልጋል። ተገትሮ የቀረን አከርካሪ በግድ ማጠፍ ሕክምና አይደለም፤ ጉዳት ነው። ከሐኪም በኋላ የትንፋሹና የተመስጦው ክፍል ለእርስዎም ክፍት ነው፤ አከርካሪን አይነካምና።

ሁለተኛው የአካባቢያችን ጉዳይ ሙቀት ነው። እኩለ ቀን ላይ በቆርቆሮ ጣራ ሥር አይሥሩ፤ ውኃ ይጠጡ። ከሶደሬ ፍል ውኃ እንደወጡ ሰውነት ስለሚላላና ግፊት ስለሚወርድ ወዲያው ብድግ ብሎ መንጠራራት ሊያዞር ይችላል፤ ጥቂት ይረፉ።

ማጠቃለያ

ዮጋና ተመስጦ ሦስት ነገር ይሰጣሉ፤ ከወንበር የሚያስነሳ ምክንያት፣ ቀስ ያለ ትንፋሽ፣ በቀን ውስጥ ማንም የማይጠይቅዎት ጥቂት ደቂቃ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልዎት ሰው፣ በተለይ "መድኃኒትህን ጣል" የሚል፣ የሚሸጠው ነገር ስላለው ነውና ይራቁት። ከዚህ በታች የሚያወርደውና "ጣዖት ነው" የሚለው ደግሞ ልብዎ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ከእርስዎ በላይ ሊያውቅ አይችልም፤ በአክብሮት ይስሙት፣ ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው።

የግፊት ክኒንዎን ዋጥ ያድርጉ፣ ጸሎትዎን ያድርሱ፣ ከዚያ ሰሌኑን ያንጥፉ። ሦስቱ ከቶ አይጣሉም።

መልካም ሳምንት።